ኪኒን እንደ እርሾ

ለምሳሳልሽ እህቴ ለጠጅቱ፣

አካም ጅርታ? ነጋ? እንዴት ሰነበትሽልኝ? ባለቤትሽ ፈቀደ፣ አራሷ ልጅሽ ፌኔት፣ በፎቶ ብቻ የምናውቃት ያቺ ጨቅላ የልጅ ልጅሽ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? የአርባ ምንጭ ሙቀትና ትንኝ ለአራስ እንዴት ይሆናል እያልን እዚህ እንጨነቃለን። እኛ ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንንም፤ የሱሉልታን ውርጭ ደግሞ ላንቺ አልነግርሽም፣ ጣታችንን በአፋችን እያሟሟቅን ትምህርት ቤት የተመላለስንበት ነው። እስከ ዛሬ በጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ «ጤናሽ እንዴት ነው» የምልሽ እጄ ስለለመደው ነበር። ዛሬ ግን የምሬን ነው የምጠይቅሽ። ለምን እንደሆነ መጨረሻው ላይ ትደርሺበታለሽ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። ባለቤቴ ዘነቡ ረጅም ወሬ በስልክ እንዳላወራ ከልክላኛለች። መስመሩ በተቆራረጠ ቁጥር እጮሃለሁ፣ በጮህኩ ቁጥር እናደዳለሁ፣ በተናደድኩ ቁጥር የአንገቴ ሥር ይቆማል፤ እሷም ይህን ማየት ሰልችቷታል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የሙዝ ኢሱዙ ሹፌር ነው። ከእናንተ አገር ሙዝ ጭኖ መጥቶ ባዶውን ይመለሳል። ከሹፌሩ ጋር ያገናኘኝ የአጥራችን ተጎራባች ኦቦ ዘርሁን ነው። የቀድሞው የጭነት መኪና ሹፌር፣ ታስታውሽው የለ?

የምሥራች አለኝ፤ ግን ከጫፉ አልጀምርልሽም። የመሬት ቀያሽ ነኝና መነሻውን ሳልተክል መድረሻውን አላሳይም።

ኅዳር ላይ ፌኔት በሰላም ተገላገለች ስትይን እማዬ ከመደቡ ተነስታ «የልጅ ልጄን ልጅ ክርስትና እኔ ገለቴ ሳልደርስ ማንም አያነሳትም» ብላ አወጀች። ያን ቀን የነበረውን ደስታ በስልክም ሰምተሻል። ያልሰማሽው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። በሳምንቱ ከጓሮ ጎመን ቀጥፋ ቀና ስትል ምድር ዞረባትና አጥሩን ይዛ ቀረች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ክንዷ ላይ መለኪያውን አስረው ሲያዩ ላይኛው መቶ ዘጠና፣ ታችኛው መቶ አሥር ሆነ። እንዳትደነግጪ ብለን ደብቀንሽ ነበር፤ ብትቆጪ መብትሽ ነው። የጤና መኮንኑ ኪኒን አዘዘላትና ግፊቱ ካልወረደ የትም አትሄድም አለ። እማዬ «ክርስትናውስ?» አለች። «እሱን እርስዎና ኪኒኑ ተነጋገሩበት» አላት።

ይህ ነገር ለምን እንዳስጨነቀኝ አንቺ ታውቂዋለሽ። አባታችን ማሳው ውስጥ የወደቀ ቀን «ምች መታው» ተባለ። ዳማከሴ ተጨምቆ ተሰጠው። ግማሽ ጎኑ ሳይታዘዝለት ክረምቱን ሙሉ ተኝቶ እንዴት እንደሄደ አብረን አይተናል። ያ ሰው በዕድሜው አንድ ቀን እንኳ ክንዱ ተለክቶ አያውቅም። ምልክት የሌለው በሽታ ነው ይላሉ፤ ምልክቱ ሬሳ ሲወጣ ነው የሚታየው። ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ቤቱን በሕግ አሰርኩት። ጨው ከሰፌድ እስከ ማሰሮ አስወጣሁ። ሽሮውና በርበሬው ሲፈጩ ጨው አብሮ እንደሚገባባቸው ግን የነገረኝ አልነበረም። ሳውቅ ከዘነቡ ጋር ሁለት ቀን አልተነጋገርንም። ኪኒኑን ራሴ ከመድኃኒት ክፍል እየተቀበልኩ በእማዬ እጅ አስረክባለሁ። ባዶው ማሸጊያ በየጊዜው ሲጣል አያለሁ። እንግዲህ በኔ ስሌት ግፊቱ የማይወርድበት ምክንያት የለም። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ተለካች፤ አልወረደም። መጠኑን ጨመሩላት። ከገና በኋላ ባለው ሐሙስ ደግሞ ሄድን፤ አሁንም መቶ ሰማንያ አምስት። አንቺ ከአርባ ምንጭ «እማዬ መቼ ነው የምትነሳው?» እያልሽ ትደውያለሽ፣ እኛ «ብርዱ ሲለቅ» እያልን እንዋሻለን።

የዚያን ሐሙስ ነገር በዝርዝር ልንገርሽ። ሐሙስ በጤና ጣቢያችን የደም ግፊት ክትትል ቀን ነው። ባሕር ዛፉ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ጥቂት አሮጊቶች አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ የጠበቀኝ ግን ሱሉልታ በሙሉ ነው። ሥጋ ቆራጩ አለ። የታክሲ ተራ አስከባሪው አለ። የልጄ የኡርጂ የሒሳብ አስተማሪ፣ ቱታ የለበሰ የሯጮች አሠልጣኝ፣ የእማዬ ንስሐ አባት ከነመስቀላቸው፣ ከነሱም በላይ ስንትና ስንት ሰው። ሰርግ የተጠራን መሰለኝ። እኔማ ሯጭ በሚፈላበት አገር፣ በዚህ ንጹሕ አየር፣ ደም ግፊት የአዲስ አበባ ሰው በሽታ ነው እል ነበር። «ይሄ ሁሉ ሰው በሽተኛ ነው?» ብዬ ነርሷን ሲስተር ጣቢታን ጠየቅኳት። ከወላይታ የመጣች፣ ቀልድ የማያልቅባት ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያወቀው ብቻ ነው። ያላወቀው ገበያ ላይ ነው ያለው» አለችኝ።

እማዬ ተለካች፤ ቁጥሩ እንደነበረ ነው። እኔም ፈነዳሁ። ወይ መለኪያችሁ ተበላሽቷል፣ ወይ መድኃኒታችሁ የኖራ ዱቄት ነው፣ ሦስተኛ መልስ የለም አልኩ። ተሰላፊው ሁሉ ዞሮ ያየኛል። ጣቢታ ሌላ መለኪያ አምጥታ በሌላኛው ክንዷ ለካች፤ ያው ነው። «እማማ፣ በየቀኑ ይውጣሉ?» አለቻት። እማዬ «እንዴታ!» አለች። «በየቀኑ ትውጣለች፣ ባዶውን እኔ ነኝ የማየው፤ ሸፋፍናችሁ አታልፉም፣ ኃላፊያችሁን ጥሪልኝ» ብዬ ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ እማዬ በምርኩዟ መሬቱን መታ መታ አደረገችና «ዱቤ! ልጅቷን ተዋት። ምን በደለችህ? አራት ሆነን ነው የምንውጠው» አለች።

አልገባኝም። ጣቢታም አልገባትም። «አራት ማለት?»

«እኔ፣ ብዙነሽ፣ ዘርሁን፣ ሬሐና» አለች እማዬ፣ እንደ ማኅበር አባል እየጠራች። ብዙነሽ ከኛ ግቢ ጀርባ የምትኖረው፣ ባሏ ግንበኛ የሆነው የደቡብ ልጅ ናት። ሬሐና የሰፈራችን ሱቅ ባለቤት ናት። ብዙነሽ ራሷን ሲፈልጣት፣ ሬሐና ማጅራቷን ሲይዛት፣ ዘርሁን ዓይኑ ላይ ብልጭ ብልጭ ሲልበት ወደ እማዬ ይመጣሉ፤ እሷም ከማሸጊያው እየፈለቀቀች ታድላለች። ለራሷ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ይደርሳታል። «እርሾ ሲያልቅ እርሾ፣ እሳት ሲጠፋ ፍም ተበዳድረን የኖርን ሰዎች፣ ኪኒን ሲሆን ደብቄ ብቻዬን ልዋጥ? የጎረቤቴ ራስ እየፈረሰ እኔ ብቻዬን ልድን?» አለች። ይህን ስትል አፍራ አይደለም። እንዲያውም እኛን እየገሠጸች ነው።

መጀመሪያ የሳቀው ሥጋ ቆራጩ ነው። ከዚያ አግዳሚው በሙሉ። ሳቁ ሲበርድ ግን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሁሉም አንድ በአንድ የየራሱን ማውጣት ጀመረ። ሥጋ ቆራጩ ማጅራቱን ሲያመው ብቻ እንደሚውጥ ተናገረ። የሒሳብ አስተማሪው ነጭ ሽንኩርት ጀምሮ ኪኒኑን ትቶታል። ንስሐ አባቱም ጉሮሯቸውን ጠርገው «እኔም በነቢያት ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም ብዬ... አንዳንዴም ከነጭርሱ እየረሳሁት...» አሉ። ጣቢታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ጌታ ይባረክ! እኛ ቸርች እንኳ እንዲህ ያለ ምስክርነት ሰምቼ አላውቅም» ስትል ቄሱ ራሳቸው በሳቅ እንባቸውን ጠረጉ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ቆሜ እንዳለሁ ጣቢታ ዞር አለችና «ጋሼ ዱቤ፣ እርስዎም ይቀመጡ፤ ጆሮዎ ቀልቷል» አለችኝ።

አልለካም አልኩ። እኔ በሽተኛ ይዤ መጣሁ እንጂ በሽተኛ አይደለሁም አልኩ። እማዬ «ቁጭ በል» አለችኝ፤ አምሳ አምስት ዓመት ሲሞላሽም እናትሽ ቁጭ በይ ስትልሽ ትቀመጫለሽ። መቶ ሰባ ሁለት። አንድ ልኬት ልኬት አይደለም፣ ድገሚው አልኳት። እንዳርፍ አድርጋ ደገመችው፤ ብዙም አልተለየም። በሌላው ክንድ ይሁን አልኩ። እዚያኛው ጭራሽ በለጠ። እማዬ ለተሰላፊው ዞራ «ከመንደሩ ሰው የኔን ኪኒን ሳይቀምስ የቀረው የራሴ ልጅ ብቻ ነበር!» አለች። ይህን ጊዜ እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ?

ጣቢታ ቀልዱን አቁማ እማዬን እጇን ይዛ አስረዳቻት። ለአንዱ የታዘዘ ለሌላው ሊጎዳ እንደሚችል፣ ሩብ ሩቡን መዋጥ ደግሞ ለማንም እንደማይጠቅም። «ያበደሯቸውን ሰዎች ይዘውልኝ ይምጡ፣ ለያንዳንዳቸው የየራሳቸውን እንሰጣለን» አለቻት። እማዬ ይህ ፍርድ ገባት። በማግስቱ ሦስቱንም ሰበሰበች። ብዙነሽና ሬሐና እሺ ብለው መጡ፤ ያስቸገረው ዘርሁን ነው። «የዓባይን ቁልቁለት ሠላሳ ዓመት የነዳሁ ሰው ነኝ፣ የኔ ፍሬን አይበጠስም» ሲል እማዬ «ፍሬንህ ካልተበጠሰ የኔን ኪኒን ለምን ስትለምን ከረምክ? ተነስ!» ብላ በምርኩዟ ፊት ፊቷ ነዳችው። ሦስቱም ተለኩ። ሦስቱም ተገኘባቸው። እማዬ ሳታውቀው በአጥር ላይ ያለ መሣሪያ ምርመራ ስታደርግ ከርማለች።

እኔ ደግሞ ነገር ከያዝኩ እንደማልለቅ ታውቂያለሽ። መለኪያ ገዝቼ በቦርሳዬ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ቡራዩ ያለው ቢሯችን ውስጥ ምሳ አብረን ከምንበላው መካከል ሁለቱ ቀድሞውንም ኪኒን እየዋጡ በምስጢር ይዘውት ኖሯል፤ ሌላ አንድ እኔ አገኘሁ። ሰበታ የምንቀይሰው ቦታ ላይ ዘበኛውን ለካሁት፣ የጠጠር መኪና ሹፌሩን ለካሁት፤ ሹፌሩን ያን ቀን አላስነዳሁትም፣ ተጣልተን ጤና ጣቢያ አደረስኩት። አሁን እኔን ሲያዩ እጅጌያቸውን ወደታች የሚስቡ ሰዎች አሉ። ወንድማችን ኦዳ ደግሞ ቡራዩ ቤቱ ሄጄ ቦርሳውን ስከፍት «አታውጣው፣ እኔ ካወቅኩ ሁለት ዓመቴ ነው» አለኝ! ከሚስቱ ደብቆ፣ ከኛ ደብቆ። የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ዛሬ ግን በአግባቡ ይከታተላል።

እማዬስ? እማዬ ሐሙስን የራሷ አድርጋዋለች። አራቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ተራ ለሚጠብቀው ሁሉ ዋጥክ አልዋጥክም እያለች ፍርድ ትሰጣለች፤ ሁሉም «አዴ ገለቴ መጡ» ብሎ ቦታ ይለቅላታል። ንስሐ አባቱም ኪኒን ምግብ እንዳልሆነ፣ በጾምም በጉንጭ ውኃ በጊዜው እንዲዋጥ በፊቷ ስለተናገሩ ለሁዳዴ የሚሆን ሰበብም አልቀረላትም። ይልቅ የጠዋቱን ብታዪ! ጎህ ሲቀድ፣ ሯጮቹ በጎጃም መንገድ ላይ ዱብ ዱብ እያሉ ሲያልፉ፣ በምርኩዟ የቆርቆሮ አጥሩን ሁለቴ ታንኳኳለች። «ብዙነሽ፣ ዋጥሽ?» «ዋጥኩ እማማ!» «ሬሐና?» «ቢስሚላህ ብዬ ዋጥኩ!» «ዘርሁን?» ዘርሁን ሁልጊዜ ይዘገያል፤ «ሞተር እያሟሟቅኩ ነው» ይላል። መጨረሻ ላይ ወደ መኝታ ቤታችን መስኮት ዞራ «ያስ?» ትላለች። ያ እኔ ነኝ። ውጬ በእግሬ እወጣለሁ፤ ሯጮቹ እንደ ንፋስ ሲያልፉኝ አንዱ «አባባ፣ አይዞዎት፣ ጥቂት ነው የቀረዎት!» ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን ድንጋይ አንስቼ ነበር። አሁን እጄን አነሳለታለሁ።

እንግዲህ ወደ ምሥራቹ ደረስን። ባለፈው ሐሙስ ጣቢታ እማዬን ለካችና ዝም አለች። እንደገና ለካች። አግዳሚው ሁሉ አንገቱን አሰገገ፣ ሥጋ ቆራጩም ጭምር። እማዬ «ምነው ዝም አልሽ፣ ሞቻለሁ እንዴ?» አለች። «እማማ፣ መቶ ሠላሳ ስድስት በሰማንያ ሁለት!» ስትል የተነሳው እልልታ የጥምቀት ያህል ነው። ብዙነሽ አቅፋት አለቀሰች። የጤና መኮንኑ ግርግሩን ሰምቶ ወጣ፣ ካርዱን አየና «አሁን ይሂዱ፤ ኪኒኑን ግን እዚያም ሳያቋርጡ» አለ። እኔ? እኔ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባብኝ፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሆናል። እማዬ ግን ጥያቄ ነበራት፤ የምትሳፈርበት አውሮፕላን ሽቅብ ሲወጣ ግፊቱም አብሮ ይወጣ እንደሆን። ጣቢታ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዘርሁን «ቢወጣ ምን ቸገረዎት፣ አርባ ምንጭ ቁልቁለት ናት፣ አብሮ ይወርዳል» አላት።

ስለዚህ ጠጅቱ፣ እናትሽ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት ከኡርጂ ጋር ትመጣለች። እሁድ የክርስትናውን ልጅ ታቅፋለች። የሠራሽው ወጥ ለሷ ጨው እንዳይበዛበት፤ ፈቀደ የሚወደውን የደረቀ ዓሣ ከፊቷ አርቂው። ቅቤውን አስቀድሜ በሹፌሩ ልኬያለሁ፤ ያ ለአራሷ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ትናንት ሻንጣዋን ስናሰናዳ፣ ለመንገድና ለሰንበቻዋ የሚሆናትን ኪኒን እኔው በሥርዓት አስቀምጬላት፣ አንድ ሙሉ ማሸጊያ ጎደለብኝ። ስፈልግ ስፈልግ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ አገኘሁት። ደሜ ተነሳ። «እማዬ! ደግሞ ለማን ነው?» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ለጠጅቱ ነዋ። አባቷ በምን ነው የሞተው? አንተ ተገኘብህ፣ ኦዳ ተገኘበት። ልጄ አምሳ ሞላት፣ ማን ለካት? ባዶ እጄን ልሂድላት?» አለች። መቆጣት አቃተኝ፤ ቋጠሮውንም ሳልፈታ ተውኩላት። ቁጥሩን በልቤ አሰላሁት፤ እናታችን አልተሳሳተችም።

እኅቴ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ነገ ሳትይ፣ ቅዳሜም ሳይደርስ፣ እዚያ ሰፈራችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ሂጂና ክንድሽን ስጪ። ምንም ከሌለብሽ እሰየው፤ ካለብሽም የራስሽ ኪኒን ይሰጥሽ። አውሮፕላን ማረፊያ ስትቀበያት ገና ሳትስሚያት ቁጥርሽን ንገሪያት፤ ያኔ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ ለራሷ ትውጠዋለች፤ አለበለዚያ አንዷን ኪኒን ለሁለት መቁረጧ አይቀርም። ጤናሽ እንዴት ነው ብዬ የጠየቅኩሽ ለዚህ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ አልቀበልም። ላይኛውንም ታችኛውንም ጻፊልኝ።

ፈቀደን ሰላም በይልኝ፣ እሱም ክንዱን ይስጥ። ፌኔትን እንኳን ማርያም ማረችሽ ብለሽ በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ። ጨቅላዋን ስሟን ስትቀበል ጆሮዋ ላይ አጎቷ ዱቤ እንደሚወዳትና ገና እንደሚቆጣት ሹክ በያት። ዘነቡ ትስምሻለች፤ በርበሬው ያለ ጨው እንደተፈጨ ንገራት ብላኛለች። ኦዳና ቤተሰቡ ከቡራዩ ሰላም ብለዋል። ብዙነሽ፣ ሬሐናና ኦቦ ዘርሁን ደግሞ አደራ ብለውሻል፤ ጠዋት ጠዋት አጥሩን የምታንኳኳላቸውን ሴት ከፋሲካ በፊት መልሺልን ይላሉ። እስከዚያ የሚያንኳኳው እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ዱቤ

ሱሉልታ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.